ከደጅ ጥናት እስከ አንድ መስኮት፦ የመንገዳችን ወረቀቶችና የፖርታል ገበያ ታሪክ



ባለፈው ወር እዚህ ራስ ዲካ ዕቁባችንን ልንጥል ተሰብስበን ሳለ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ከቦርሳቸው አንድ ደረሰኝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ልጆቼ፣ ይሄ ‹የሲስተም› እየተባለ የምንከፍለው ለማን ነው? ሲስተም ሰው ነው ወይስ ቤት?» አሉን። ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንዳችንም አጥጋቢ መልስ እንደሌለን አወቅን። ዲፕሎማ ያለን አለን፣ ሃያ ዓመት የነገድን አለን፣ ኮንቴይነር በስልክ የምናዝዝ አለን። ለማን እንደምንከፍልና ለምን እንደምንከፍል የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ለእትዬ የተዘጋጀ መልስ ነው። መልሱ ከዛሬ ስለማይጀምር ወደ ኋላ ሄደን እንነሣለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ የምንኖረው በዚያ ነውና።

ኬላና ደጅ

በቋንቋችን ወደብ የሌለው አገር «የባሕር በር የለውም» ይባላል። ፈረንጆቹም «ፖርታል» የሚሉት ቃል ምንጩ በላቲን በር ማለት ነው፤ «ፖርት» የሚለው የወደብ ስምም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፖርታል «በር» ብንለው አልተሳሳትንም። ነጋዴ ደግሞ በርን በደንብ ያውቃል። ከሸቀጡ ይልቅ በሩ ያደከመው ስንቱ ነው!

አያቶቻችን ከሸዋ በሐረር አድርገው ወደ ዘይላ፣ በአፋር ምድር አድርገው ወደ ታጁራ በግመልና በበቅሎ ሲወርዱ በየመንገዱ ኬላ ነበር። በኬላው የሚቆረጠውን ቀረጥ የሚያውቀው ኬለኛው እንጂ ነጋዴው አልነበረም። የነጋዴው አለቃ ነጋድራስ ይባላል፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ በነጋዴዎች መካከል ይዳኛል፣ መንገድ ያስጠብቃል። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1907 የንግድ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። በዚያ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ደጅ ይጠናል። ከባለሥልጣኑ በር ላይ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ወር ሙሉ ይቆማል። ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚነግረው በረኛው ነው። በረኛውን ያላወቀ ጉዳዩን አያውቅም።

ከዚያ ትውልድ መካከል ይህን ነገር አጥብቆ ያሰበ አንድ ሰው ነበር። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1919 አረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1924 ነው። የሐሳባቸው እምብርት ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ንግዱ እኩል አይሆንም፤ ባላዋቂው ብዙ ደክሞ ጥቂት ይዞ ይመለሳል። ስለ ኮምፒውተር አላሰቡም። ነገር ግን የእትዬ ደረሰኝ ቢታያቸው ኖሮ ወዲያው ይገባቸው ነበር እንላለን።

ፈረንሳይኛ የሚናገር ባቡር

ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ነበር። እዚህ በከተማችን አሮጌው ጣቢያ ዛሬም አለ። ነፃነት የተገኘበትን ቀን ይዞ የሰኔ 27 አደባባይ ከመባሉ በፊት ዋናው አደባባያችን በምኒልክ ስም ይጠራ እንደነበር፣ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች አሁንም «ፕላስ ሜኔሊክ» እንደሚሉት ታውቃላችሁ።

የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ትኬቱ፣ የጭነት ወረቀቱ፣ የደመወዝ መዝገቡ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ «ለገሃር» የምንለው ስም እንኳን ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ከማለታቸው የመጣ ነው። «ጉምሩክ» ከቱርኮች ዞሮ ደርሶናል፤ «ዲክላራሲዮን»፣ «ትራንዚት» ደግሞ በዚሁ ሐዲድ አካባቢ የለመድናቸው ናቸው። የቃሎቹን መምጫ ስናይ አንድ ነገር ይገለጣል፦ በንግዳችን ውስጥ ወረቀቱ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ቋንቋ ነበር። ስለዚህ በነጋዴውና በወረቀቱ መካከል አንድ አንባቢ ይቆማል። በባቡሩ ዘመን ጸሐፊው ነበር፤ በኋላ ትራንዚተሩ ሆነ። ይህ ሰው ጠላታችን አይደለም፤ ያለ እርሱ ዕቃችን ከወደብ ባልወጣ ነበር። ሆኖም ወረቀቱ የእኛ፣ ማንበቡ የእርሱ ሆኖ ቆየ።

1998፦ ሁለት በሮች በአንድ ዓመት

በግንቦት 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በአሰብ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሰፋ ወደብ አልነበረም፣ የተዘጋጀ መጋዘን አልነበረም፣ በጋላፊ በኩል የሚሄደው መንገድም የዚህን ያህል መኪና ለምዶ አያውቅም። ወረቀቱ ግን ከመኪናው በላይ በዛ። የመርከብ ወኪሉ የራሱ ቢሮ፣ ወደቡ የራሱ ቢሮ፣ የጅቡቲ ዱዋን የራሱ፣ የኢትዮጵያ ጉምሩክ የራሱ፣ ባንኩ የራሱ። አንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ስንት ቢሮ እንደሚዞር፣ ስንት ማህተም እንደሚያርፍበት በዚያ ጊዜ ሥራ የጀመርን ሰዎች እናስታውሳለን። ደጅ ጥናት ማለት ያ ነበር፤ አንድ ደጅ ሳይሆን ስምንትና ዘጠኝ ደጅ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ ከእኛ እጅግ ርቆ በኒው ዮርክ፣ ሜሪል ሊንች የተባለው የገንዘብ ድርጅት አንድ ጥናት አወጣ። ጸሐፊዎቹ ክሪስቶፈር ሺሌክስና ጁሊ ታይልማን ናቸው። «የድርጅት መረጃ ፖርታል» የሚለውን ስም በገበያው ላይ ያቆመው ይህ ጥናት ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ብታምኑም ባታምኑም የእኛው ችግር ነበር። አንድ ትልቅ ኩባንያ በ1990ዎቹ ሒሳቡን በአንድ ሶፍትዌር፣ መጋዘኑን በሌላ፣ ሠራተኞቹን በሦስተኛ፣ ደብዳቤውን በአራተኛ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ለመመለስ አምስት ፕሮግራም ይከፍታል፣ አምስት የይለፍ ቃል ያስታውሳል። በራሱ ኩባንያ ውስጥ ደጅ ይጠና ነበር ማለት ነው። ያሁ የተባለው ድርጅት በ1996 ሰው ሁሉ ዜናውን፣ የአየር ሁኔታውንና የአክሲዮን ዋጋውን በአንድ ገጽ የሚያይበትን «ማይ ያሁ» ሲያወጣ ኩባንያዎቹ አዩና «ይህን በመሥሪያ ቤታችን ለምን አናደርገውም?» አሉ። አንድ በር፣ አንድ የይለፍ ቃል፣ ከኋላው ሁሉም መዝገብ። የድርጅት ፖርታል ማለት ይኸው ነው።

ሜሪል ሊንች ይህ ገበያ በ1998 ከነበረበት 4.4 ቢሊዮን ዶላር በ2002 ወደ 14.8 ቢሊዮን ዶላር ያድጋል ብሎ ተነበየ። እዚህ ላይ ንግድ የተማርን ሰዎች ቆም ብለን እንይ። በዚያ ቁጥር ውስጥ የተቆጠረው በሩ ብቻ አይደለም። ሰነድ ማስተዳደሪያው፣ የመረጃ ማከማቻው፣ መረጃ መተንተኛው ሁሉ በአንድ ቅርጫት ተደምሯል። ሻጭ «ገበያው ይህን ያህል ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቅርጫቱ ውስጥ ምን ምን እንደገባ ነው። ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ጋር መዝኖ የቲማቲም ዋጋ የሚነግር ሰው በሪያድ ገበያም አይጠፋም።

በር የሚሸጥበት ገበያ

ያ ቁጥር ከወጣ በኋላ በሩን የሚሠራው በዛ። ከቀደምቶቹ ታዋቂው ፕላምትሪ ነበር፤ በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ ተቋቋመ፣ በ2002 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። ኤፒሴንትሪክ የተባለ ሌላም ነበር። የጀርመኑ ኤስ ኤ ፒ በ2001 ቶፕ ቲየር የተባለውን ኩባንያ በ400 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የራሱን ፖርታል አቆመ። አይ ቢ ኤም ዌብስፌር ፖርታልን ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት በ2001 ሼርፖይንትን አወጣ። በ2000 ደግሞ ላይፍሬይ የተባለው ተጀመረ፤ ይህኛው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ ሊሠራበት የሚችል ነበር።

ከዚያስ? ዓሣ ዓሣን ዋጠ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ከ2000 ጀምሮ ሲወድቅ ትንንሾቹ አቅም አጡ። ኤፒሴንትሪክን በ2002 ቪኜት ገዛው፤ ቪኜትን በ2009 ኦፕን ቴክስት ገዛው። ፕላምትሪን በ2005 ቢ ኢ ኤ ሲስተምስ በ200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ ቢ ኢ ኤን ደግሞ በ2008 ኦራክል በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። አይ ቢ ኤምም ቢሆን በ2019 ፖርታሉን ለህንዱ ኤች ሲ ኤል ሸጦ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በር ብቻውን አይሸጥም፤ የሚሸጠው ከቤቱ ጋር ነው። በሩን ብቻ ይሠሩ የነበሩት ጠፉ ወይም ተዋጡ፤ የቀሩት ከበሩ ኋላ ያለውን መዝገብ የያዙት ናቸው። ሁለተኛ፣ የበሩ ባለቤት ሲቀየር በበሩ የሚገባውን ሰው ማንም አይጠይቀውም። የፕላምትሪን ፖርታል የገዛ ድርጅት በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አዲስ ጌታ አገኘ። መዝገቡን በራሱ እጅ ቅጂ አድርጎ የያዘ ተሻገረ። ያልያዘ አዲሱ ሻጭ በጠራው ዋጋ ቆየ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕር በራችንም እንዲሁ ሲፈራረቅ አይተናል። የጅቡቲ ወደብ አስተዳደር በ2000 ለዱባዩ ኩባንያ ተሰጠ፤ የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል በ2009 ተከፈተ፤ በ2018 የጅቡቲ መንግሥት ውሉን አቋርጦ ተርሚናሉን ተረከበ፣ ክርክሩም በለንደን የግልግል ችሎት ቀጠለ። እኛ በዚህ ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልተነሣንም። የምናውቀው ያን ሰሞን ጠዋት ተነሥተን «ዛሬ ወረቀታችንን የሚቀበለው ማን ነው?» ብለን መጠየቃችንን ነው።

የመንግሥታት መስኮት

ኩባንያዎች በውስጣቸው ያደረጉትን መንግሥታት በድንበር ላይ ለማድረግ ሞከሩ። ቀዳሚዋ ሲንጋፖር ናት። በ1989 ትሬድኔት የተባለውን ሥርዓት ጀመረች፤ ነጋዴው አንድ ቅጽ አንዴ ይሞላል፣ ቅጹ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ራሱ ይደርሳል። ቀናት ይፈጅ የነበረው ፈቃድ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታትም በ2005 «የአንድ መስኮት» አሠራርን በምክረ ሐሳብ ቁጥር 33 አውጥቶ ለአገሮች አቀረበ።

በሌላ በኩል ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጥያቄ፣ ለጉምሩኮች አንድ ሶፍትዌር ሠርቶ ነበር። ስሙ አሲኩዳ ነው፤ እኛ እዚህ በፈረንሳይኛው «ሲዶኒያ» እንለዋለን። ለትርፍ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ከመቶ በላይ አገሮችና ግዛቶች ተጠቅመውበታል። ጅቡቲም ኢትዮጵያም ተጠቅመውበታል። ትራንዚተሮቻችን «ሲስተም ወድቋል» ሲሉ ብዙ ዓመት የሚያወሩት ስለ እርሱ ነበር። ሆኖም አሲኩዳ የጉምሩክ መዝገብ ነው። የምግብና የመድኃኒት ፈቃድ፣ የጥራት ማረጋገጫ፣ የባንክ ፈቃድ በየቢሮው በወረቀት ይቀር ነበር። አንዱ በር ተከፍቶ ሰባቱ ዝግ ነበሩ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትን በጥር 2020 በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፊት በይፋ ጀመረች። 16 መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት የታቀደ ነው። በምረቃው ጊዜ የተነገረው ዓላማ 44 ቀን የሚፈጀውን የፈቃድና የጉምሩክ ሒደት መጀመሪያ ወደ 13 ቀን፣ ቀጥሎም ወደ 3 ቀን ማውረድ ነበር። ወዲያው ኮሮና መጣ። ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ባስፈራበት፣ ሾፌሮች በጋላፊ በኩል በምርመራ ሰልፍ በቆሙበት በዚያ ወቅት፣ ብዙ ነጋዴ ይህን መስኮት ወዶም ሳይወድም ለመደው። በጅቡቲ በኩልም የወደቦችና የነፃ ቀጣናዎች ባለሥልጣን የመርከብ ወኪሉን፣ ትራንዚተሩን፣ ተርሚናሉንና አጓጓዡን በአንድ ገጽ የሚያገናኝ የወደብ ማኅበረሰብ ሥርዓት አቁሟል።

እውነቱን ለመናገር ለውጡ ትልቅ ነው። ከዘጠኝ ደጅ ወደ አንድ መስኮት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ወረቀት ይዘን በፀሐይ የተመላለስን ሰዎች አናጣጥለውም። ግን መስኮት ሁለት ወገን አለው። ከውስጥ ያለው ሁሉን ያያል። ከውጭ ያለው ካልቀረበ አያይም። ይህን በገንዘባችን ከፍለን ነው የተማርነው።

የእኛ አሥራ አንድ ቀን

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን አንድ ኮንቴይነር የቤት ዕቃ አመጣን። ድስት፣ ፔርሙዝ፣ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ጥቂት የኤሌክትሪክ ምድጃ። ሦስታችንም ከዕቁባችን ያወጣነውን አዋጥተን ነው። ዕቃው ዶራሌ ደረሰ። ነፃ ቀኖቹ ተቆጠሩ፣ አለቁም። ትራንዚተራችን ጋ በደወልን ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «እትዬ፣ ሲስተሙ አልመለሰም።» አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስምንት ቀን። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዷችን የእህቷን ልጅ ይዛ፣ የትራንዚተሩ ቢሮ ሄዳ፣ «ገጹን አሳየን» አለች።

ሲስተሙ ከመለሰ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር። በአራተኛው ቀን «በፓኪንግ ሊስቱና በኢንቮይሱ ላይ ያለው ክብደት አይመሳሰልም፣ አስተካክላችሁ ላኩ» የሚል መልእክት ተቀምጧል። መልእክቱ የሄደው ግን ወደ እኛ አልነበረም። መለያው የተከፈተው በትራንዚተሩ ስልክና በትራንዚተሩ ኢሜይል ነው። እርሱ አርባ ደንበኛ አለው፤ የእኛን አላየውም። ስህተቱን ማስተካከል አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ ላኪው አዲስ ፓኪንግ ሊስት በዚያው ቀን ላከልን። ለእነዚያ ቀኖች የከፈልነው ዴመሬጅ ግን የኮንቴይነሩን ትርፍ በላው። አንዷ ሴት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰበችው ከዚያ ትርፍ ነበር። ያንን ተርም ከዕቁቡ አበድረናት አለፈ።

ይህ ብቻ አይደለም። ቅር ተሰኝተን ሌላ ትራንዚተር ስንይዝ የሦስት ዓመት ዲክላራሲዮኖቻችን በቀድሞው ሰው መለያ ውስጥ ቀሩ። ለግብር ሒሳብ ስንፈልጋቸው አንድ በአንድ እየለመንን ነበር ያወጣናቸው። ኦራክል ፕላምትሪን ሲወርስ ደንበኞቹ የገጠማቸው ነገር፣ በእኛ ልክ ተቆርጦ ራስ ዲካ ደርሶን ነበር ማለት ነው።

ሰውየውን ሌባ አንልም፤ አልሰረቀንም። ቁልፉን በእጃችን ሰጥተነዋል። «አንተ ታውቃለህ፣ ክፈተው» ያልነው እኛ ነን። ሲከፍተውም ስልካችንን አልጠየቀንም፣ እኛም ስልካችን ይግባ አላልንም። ፈረንሳይኛውን የባቡሩ ጸሐፊ ያነብ ነበር፣ አሁን ገጹን ትራንዚተሩ ያነባል፤ ከአያቶቻችን ዘመን ወዲህ በዚህ በኩል የተቀየረ ነገር የለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የፈሩት እኩል ያልሆነ ንግድ በአገርና በአገር መካከል ብቻ የሚደረግ አይደለም። በአንድ ጠረጴዛ በሁለት ወገን በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከልም ይደረጋል።

ለእትዬ የሰጠነው መልስ

በሚቀጥለው ዕቁብ ለእትዬ እንዲህ አልናቸው። ሲስተም ሰውም ቤትም አይደለም፤ በር ነው። በደረሰኙ ላይ ያለው ክፍያ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ለመንግሥት ወይም ለወደቡ የሚገባ የአገልግሎት ክፍያ፣ ለትራንዚተሩ የሚገባ የድካም ዋጋ፣ ወይም «ሲስተም» በሚል ስም ተጠቅልሎ የገባ ሌላ ነገር። የመጀመሪያው ሕጋዊ ደረሰኝ አለው። ሁለተኛው በውል የሚታወቅ ነው። ሦስተኛውን የሚለየው መጠየቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ከአሥራ አንዱ ቀን ወዲህ በመካከላችን ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መለያው በራሳችን ንግድ ፈቃድና በራሳችን የግብር ከፋይ ቁጥር እንዲከፈት፣ የሚገባበትም ስልክና ኢሜይል የራሳችን እንዲሆን አደረግን። ትራንዚተሩ በውክልና ይሠራል፤ የይለፍ ቃላችንን ግን አንሰጥም። ውክልና ይሰጣል፣ ይነሣል። የይለፍ ቃል ግን አንዴ ከሰጡት እንደተነገረ ምስጢር ነው።

ዕቃ ከመጫኑ በፊት ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና ቢል ኦፍ ሌዲንጉን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስም፣ ብዛትና ክብደት እናስተያያለን። ይህ ለሒሳብ ትምህርት የተቀመጠ ሰው የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን ይሠሩታል።

እያንዳንዱ ዲክላራሲዮን ሲጠናቀቅ ቅጂውን አውርደን በራሳችን ፍላሽ እናስቀምጣለን፣ አንዱን አትመን በፋይል እናኖራለን። በሩ ነገ የማን እንደሚሆን አናውቅም፤ መዝገባችን ግን የእኛ ይሁን።

ገጾቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በመሆናቸው ለብቻዋ የምትቸገር ሴት አለች። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚችል አንድ የቤተሰብ ልጅ በዕቁቡ ስም በየሳምንቱ እየከፈልን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ እያንዳንዳችን መለያችንን ከፍተን፣ እርሱ እያነበበልን፣ የመጣውን መልእክት በዓይናችን እናያለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። የልጁ ክፍያ ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ከአንድ ቀን ዴመሬጅ እጅግ ያንሳል።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉና «እንግዲያው እኔም መለያ ይኑረኝ» አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከፈትንላቸው። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው መረጡ፤ ለማናችንም አልነገሩም። ስክሪኑ ላይ የራሳቸው ስም ሲወጣ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው አነበቡት። «ነጋዴ ከሆንኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አሉ፤ «ስሜን በወረቀቱ ላይ ቀድሜ እኔ ሳየው ግን ገና ዛሬ ነው።»

እስከሚቀጥለው በሰላም ያገናኘን። መንገዱ ይቅናችሁ።